የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኪሽ ከታች ውሃ የሚያቁረው ለምንድን ነው?

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ኪሽ ሁለት ሦስት መስመር ጻፍ አድርገን አልፈን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከሰሜን ሸዋ ብቻ የመጣው ጥያቄ ስለበዛ የዛሬውን ገጽ ሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። ላልሰማችሁት፣ ኪሽ ማለት በቅቤ የተለወሰ ሊጥ ፓትራ ላይ ተነጥፎ፣ እንቁላልና ወተት ወይም ክሬም ተመትቶ ይፈስበትና ከአትክልት፣ ከስጋ ወይ ከአይብ ጋር ኦቨን ውስጥ ተጋግሮ የሚረጋ ምግብ ነው። ታዋቂው የምስራቅ ፈረንሳይዋ የሎሬን ኪሽ ነው፣ እነሱ የአሳማ ስጋ ያደርጉበታል፣ እኛ ጋ ግን ቋንጣውም ድንቹም ጎመኑም ቦታውን ይሸፍናል፣ ደህና ተደርጎ ከተሠራ አንድ ቁራሽ ከሰላጣ ጋር የሰው ሙሉ ምሳ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)፦ ሰላም እህቴ፣ ኪሽ ሠርቼ ላዩ ቆንጆ ቡኒ ሆኖ ይወጣል፣ ስቆርጠው ግን ታችኛው ሊጥ እርጥብ ነው፣ ፓትራው ላይም ውሃ ያቁራል። ጎመን፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው የማደርግበት። ባለቤቴ ኦቨኑ አርጅቷል ይላል፣ እውነት ልቀይረው?

መልስ፦ ኧረ ኦቨኑን ተዪው እህቴ፣ ብርሽን አታውጪ! ውሃው የመጣው ከጎመኑና ከቲማቲሙ ነው። አትክልት ኦቨን ውስጥ ሲሞቅ የያዘውን ውሃ ይለቃል፣ እንቁላሉ ደግሞ እየረጋ ስለሆነ ያንን ሁሉ ውሃ ይዞ መቆየት አይችልም፣ ስለዚህ ውሃው ወደ ታች ወርዶ ሊጡ ላይ ይተኛል። በኔ እምነት የኪሽ ሥራ ሰባ ሰማንያ በመቶው ውሃን ቀድሞ ማስወጣት ነው፣ ቅመሙና አይብ መረጣው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ጎመኑን እንዲህ አድርጊው። ዘንጥለሽ ጨው ባለው ውሃ ቀቅይው፣ ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ስለሆነች ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ እና ጎመንም ድንችም ቆላ ካለው ሰው ቆየት ብሎ ነው የሚበስለው፣ አትቸኩዪ። ሲበስል አውጥተሽ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት፣ ከዛ እፍኝ እፍኝ እየያዝሽ በሁለት እጅሽ ጭመቂው። ጨርሻለሁ ስትዪ ደግሞ ንጹህ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለሽ እንደገና ጠምዝዢው፣ አረንጓዴው ውሃ በጨርቁ ጠብ ጠብ ማለቱን እስኪያቆም ድረስ። ያ ሁሉ ጎመን ተጨምቆ ትንሽዬ ድቡልቡል ሆኖ ሲቀር ብዙ ሰው ይደነግጥና ያልተጨመቀ ይጨምርበታል፣ አትጨምሪ፣ ጣዕሙ እዛችው ውስጥ ነው ያለው። ከዛ በደንብ ከትፈሽ ከሽንኩርቱ ጋር መጥበሻ ላይ አመስ አድርጊው፣ እንፋሎት መውጣቱን ሲያቆም ዝግጁ ነው። ቆስጣም እንደዛው ነው፣ እንደውም ከጎመን የበለጠ ውሃ አለው።

ሽንኩርቱን እሳቱን ቀንሰሽ ውሃው አልቆ ወርቃማ እስኪሆን አቁላዪው፣ ለወጥ ቁሌት የምትሰጪውን ትዕግስት እዚህም ስጪው። ቲማቲሙን ግን እኔ ከነጭራሹ ባይገባ እመርጣለሁ። የግድ ካልሽ ፍሬውንና ፈሳሹን አውጥተሽ፣ በስሱ ቆርጠሽ፣ ጨው ነስንሰሽበት 20 ደቂቃ ይቀመጥና በጨርቅ አድርቂው፣ ከዛ ላዩ ላይ ብቻ ደርድሪው፣ ውስጥ እንዳይገባ።

ሌላው ሊጡን ባዶውን ቀድሞ መጋገር ነው። ይሄንን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ እዚህ ግን መዝለል አይቻልም። ሊጡን ፓትራው ላይ ከነጠፍሽ በኋላ በሹካ ወጋ ወጋ አድርጊው፣ የኬክ ወረቀት ወይ ፎይል አልብሺውና ደረቅ ባቄላ ወይ ሽምብራ እስከ ጫፉ ሙዪበት። ባቄላው ሊጡ እንዳይነፋና ጠርዙ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። 190 ዲግሪ ላይ 15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከዛ ባቄላውን ከነወረቀቱ አንሺና ባዶውን ሌላ 8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ታቹ ደርቆ ፈዘዝ ያለ ቡኒ እስኪሆን። ገና ትኩስ እያለ የተመታ የእንቁላል ነጭ በስሱ ቀቢው፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ባቄላው ከዚያ በኋላ ለወጥም ለንፍሮም አይሆንም ግን አትጣዪው፣ በቆርቆሮ አስቀምጠሽ ለሚቀጥለው ጊዜም ያገለግላል።

ፓትራሽ ሸክላ ወይ ወፍራም መስታወት ከሆነ ደግሞ በስስ ብረት ቀይሪው፣ ብረቱ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ሊጡ ያደርሳል። ኦቨኑ ውስጥም ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ)፦ ልጄ እንደምን አለሽ። ልጄ አዲስ አበባ በልታው መጥታ ሥሪልኝ ትለኛለች። እኛ ዘንድ ክሬም የሚባል አይሸጥም፣ የገበታ ቅቤም የለም፣ ወተቱና ለጋ ቅቤው ግን ሞልቷል፣ እንቁላሉም የሐበሻ ነው። በዚህ ይሆናል? አይቡስ የእኛው አይብ ቢሆን? ልኩንም ጻፊልኝ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እናቴ፣ እርስዎስ እንደምን ነዎት። ቤትዎ ያለው ነገር ከበቂ በላይ ነው፣ እንደውም የአዲስ አበባ ሰው ለጋ ቅቤ ፍለጋ ስንት ቦታ ይዞራል።

ለ24 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ፓትራ ልኩ ይሄ ነው። ሊጡ፦ 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ሚዛን ከሌለዎት በውሃ ብርጭቆ ልሙጥ ሁለት ብርጭቆ ማለት ነው፣ 125 ግራም ቅቤ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ ሞላ ያለ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ3 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ። ለጋ ቅቤው አሬራ ካለበት በቀዝቃዛ ውሃ አጠብ አጠብ ያድርጉትና ውሃውን አጠንፍፈው ብርድ ላይ ይተዉት፣ ጠንከር ማለት አለበት፣ የመንዝ ብርድ ለዚህ ሥራ ከፍሪጅ አያንስም። ከዛ ዱቄቱ ውስጥ ቆራርጠው ጨምረው በጣትዎ ጫፍ ብቻ ፈርፈር ያድርጉት፣ በመዳፍ አይሹት፣ መዳፍ ይሞቃል ቅቤውም ይቀልጣል። የደረቀ ፍርፋሪ ሲመስል ውሃውን ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይሰብስቡት። እዚህ ላይ ነው እጃችን የሚያስቸግረን፣ የዳቦ ሊጥ ስለለመድን ደህና አድርገን ማሸት እንፈልጋለን፣ ይሄ ግን በታሸ ቁጥር ይጠነክራል፣ ተሰብስቦ ከያዘ በቃ ይተዉት። ሸፍነው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ብርድ ላይ ያሳርፉትና በመዳመጫ ይዳምጡት፣ መዳመጫ ከሌለ ንጹህ ጠርሙስም ይሆናል። ፓትራው ላይ ሲያነጥፉ እየሳቡ አይለጥጡት፣ የተለጠጠ ሊጥ ኦቨን ውስጥ ተመልሶ ይሰበሰባል። ከዚያ ለደብረ ብርሃኗ እህታችን እንደጻፍኩት ባቄላ ሞልተው ባዶውን ይጋግሩት።

የተነጠረ ቅቤ ብቻ ካለዎት ውሃው ስለወጣለት 100 ግራም ይበቃል፣ ኮሰረትና ኮረሪማ ያለበት ከሆነ ግን ከቋንጣ ጋር ነው የሚስማማው፣ ከአይብና ከአትክልት ጋር ሽታው ይበልጥባቸዋል።

እንቁላልና ወተቱ፦ ግማሽ ሊትር ወተት ለ4 የፈረንጅ እንቁላል ነው ልኩ፣ የሐበሻው አነስ ስለሚል 6 ያድርጉት። ክሬም ከሌለ ደግሞ አንድ ይጨምሩና 7፣ ክሬሙ የሚሰጠውን መያዣ እንቁላሉ ይተካል። ወተቱን አፍልተው ሲያድር ላዩ ላይ የሚሰበሰበውን ስልባቦት አይጣሉት፣ እሱ እኮ ክሬም ነው፣ አብረው ይምቱት። የላም ወተት ከቤት ስለሆነ መፍላቱ ግዴታ ነው፣ ሳይፈላ ኪሽ ውስጥ ይበስላል ብለው አይተማመኑ፣ ግን በደንብ ሳይቀዘቅዝም እንቁላሉ ላይ አያፍስሱት ይቆራረጣል። እንቁላሉን አንድ በአንድ ሲኒ ላይ እየሰበሩ ነው የሚጨምሩት፣ የሐበሻ እንቁላል ዶሮዋ ተቀምጣበት የቆየ ሊያጋጥም ይችላል፣ አንዱ የተበላሸ ሁሉንም ያስጥልዎታል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ካለዎት ትንሽ ገውዝ። ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ይምቱት፣ አረፋ እንዲሠራ አይፈለግም።

አይቡን በተመለከተ፣ የእኛ አይብ እንደ ፈረንጁ አይቀልጥም፣ እንደተፈረፈረ ነው የሚቀረው፣ ግን ከጎመን ጋር ምን ያህል እንደሚዋደዱ እርስዎ ያውቁታል። ንጹህ ጨርቅ ውስጥ ቋጥረው ሰዓት ሁለት ሰዓት አንጠልጥለው ውሃው ይውረድለት፣ ከዛ አንድ ብርጭቆ የሚሆነውን የተጋገረው ሊጥ ላይ በትነው ጎመኑን ከላይ ያድርጉና የተመታውን ያፍስሱበት። አይቡ ትንሽ ጨው ይወዳል፣ አይርሱት። ለማጥገቡ ደግሞ ሁለት መካከለኛ ድንች ቀቅለው በስሱ ቆርጠው ከታች ቢያነጥፉ አባወራውም ጠግቦ ይነሳል። ውስጡ የሚገባው ሁሉ ተደምሮ ከመጠን ባይበዛ ይሻላል፣ ከበዛ የሚረጋው እንቁላል ያንስበትና ሲቆረጥ ይፈርሳል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የኔ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ለስላሳ ሆኖ አይወጣም፣ ጠንከር ብሎ ውሃም ያዣል። መብሰሉን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እሳት በዝቶበታል። እንቁላልና ወተት አንድ ላይ ሲሆን 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይረጋል፣ ከዚያ ሲያልፍ ፕሮቲኑ እየተኮማተረ የያዘውን ውሃ ይተፋል። ዝቅ ያለ አገር ያለ ሰው ከመርጋት እስከ መፍላት ሃያ ዲግሪ ያህል ርቀት አለው፣ እናንተ ጋ ግን ውሃው 90 አካባቢ ስለሚፈላ ያለው ርቀት አሥር ያህል ብቻ ነው፣ ቀዳዳው የፈላበት ምልክት ነው። ስለዚህ ሊጡ ብቻውን በ190 ከተጋገረ በኋላ፣ የተመታውን ካፈሰስክ ወዲያ ኦቨኑን 160 ላይ አውርደው፣ 35 እስከ 45 ደቂቃ። ከ30 ደቂቃ ጀምሮ ፓትራውን በቀስታ ነቅነቅ አድርግ፣ ዳር ዳሩ ቀጥ ብሎ መሃሉ ብቻ የረጋ እርጎ እንደሚነቃነቀው ሲሆን አውጣው። መሃሉ ገና ነው ብለህ አትስጋ፣ ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ሳትቆርጠው ቢያንስ 20 ደቂቃ ይረፍ፣ ትኩሱን የቆረጠ ሰው ደህናውንም ኪሽ አልረጋም ብሎ ያማዋል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ እኔ ተከራይ ነኝ፣ ኦቨን የለኝም፣ ያለኝ የከሰል ምድጃና አንድ ትልቅ ብረት ድስት ነው። መብራትም ይጠፋል። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ ተስፋማ አትቁረጥ ወንድሜ፣ እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት አድርገው ሲጋግሩ ኖረዋል፣ ይሄም በዛው መንገድ ይሄዳል። ድስቱ ሰፊ ይሁን፣ ፓትራው ገብቶ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ታች ላይ ትንሽ የብረት ሰሃን ገልብጠህ አስቀምጥ፣ ፓትራው በቀጥታ የድስቱን ወለል ከነካ ሊጡ ያርራል። ባዶውን ከድነህ 10 እስከ 15 ደቂቃ አግለው፣ ከዛ ባቄላ የተሞላውን ሊጥ አስገባና ክዳኑ ላይ ፍም አድርግበት። ሊጡ ሲደርቅ ባቄላውን አንስተህ የተመታውን አፍስስ፣ አሁን የታቹን ፍም ቀንስ፣ የላዩን ተወው። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈት፣ ስትከፍትም ክዳኑ ስር ያቆረው የእንፋሎት ውሃ ኪሹ ላይ እንዳይንጠባጠብ አዘንብለህ አንሳው።

አደራህን ግን ከሰሉን ደጅ አድርገህ ሥራ፣ ካልሆነም በርና መስኮት ወለል አድርገህ። የሰሜን ሸዋ ብርድ ከሰል ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ያስለምዳል፣ የከሰል ጭስ ሽታ ባይኖረውም እንኳን ይገድላል።

ኦቨን ኖሯችሁ መብራት መሃል ላይ ለሚጠፋባችሁ ደግሞ፣ ኪሹ ከግማሽ በላይ ከሄደ በሩን ሳትከፍቱ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ብዙ ጊዜ በቀረው ሙቀት ይጨርሳል። ገና እንደገባ ከሆነ ግን አውጡትና በዚሁ በድስቱ ቀጥሉት፣ ለብ ያለ እንቁላልና ወተት መብራት እስኪመጣ እዛው ተቀምጦ አይጠብቅም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ እኛ ጋ በሙቀቱ ሊጡ ቀልጦ እጄ ላይ ይጣበቃል፣ መዳመጥ አልቻልኩም።

መልስ፦ የናንተ ችግር ከደብረ ብርሃን ሰው ተቃራኒ ነው። ቅቤውን ብቻ ሳይሆን ዱቄቱንም ሳህኑንም ፍሪጅ አስገቢ፣ ሥራውን ጠዋት በማለዳ ጨርሺው፣ ውሃው በረዶ የገባበት ይሁን። አሁንም ካስቸገረ መዳመጡን ተዪውና ፍርፋሪውን በቀጥታ ፓትራው ላይ በጣትሽ እየተጫንሽ አንጥፊው፣ ከዛ ከነፓትራው ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት። መልኩ ትንሽ ሸካራ ይሆናል እንጂ ጣዕሙ ያው ነው። ሽንኩርት ሰፈራችሁ ስለሆነ ደግሞ የሽንኩርት ኪሽ ሞክሪ፣ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ተከትፎ ቀስ ብሎ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቁላልቶ ሲቀንስ ልክ ለአንድ ፓትራ ይሆናል፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ የጾም ኪሽ ይቻላል?

መልስ፦ ኪሽ የሚያሰኘው እንቁላሉ ነው፣ ግን የሚያጠግብ የጾም ዘመድ አለው፣ በሽምብራ ዱቄት። ቅመም ያልገባበት መሆን አለበት፣ ሽሮ አይደለም። አንድ ብርጭቆ ዱቄት በአንድ ተኩል ብርጭቆ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና እርድ አድርገሽ ምቺውና ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ ከዛ ከተጨመቀው ጎመንና ከሽንኩርቱ ጋር ቀላቅለሽ በ180 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል። ሊጡን ደግሞ በቅቤው ፋንታ ሲሶ ብርጭቆ ዘይት አድርጊበት። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ እንዳትቆርጪው፣ ይሄ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ከበዓል የተረፈ ጥብስና ቋንጣ አለኝ፣ ልጆቼም ለትምህርት ቤት ምሳ መያዝ ይፈልጋሉ። ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ ጥብሱ ደረቅ ከሆነ ደቀቅ አድርገሽ ከትፈሽ ጨምሪው፣ መረቅ ካለው ግን መጀመሪያ መጥበሻ ላይ አድርቂው። ወጥ አታድርጊበት፣ ዘይቱና በርበሬው ተለይቶ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ቋንጣውን ሰባብረሽ ለብ ባለ ውሃ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ጨውም ይቀንሳል ለልጆችም ጥርስ ይቀላል፣ ከዛ አድርቀሽ በትንሽ ቅቤ ጠበስ አድርጊውና የተመታው እንቁላል ላይ የምትጨምሪውን ጨው በግማሽ ቀንሺ። ከቋንጣ ጋር የሚሄደው ድንችና ቃሪያ ነው፣ ቃሪያውን ፍሬውን አውጥተሽለት።

ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ይቆያል። ውጪ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ አታሳድሪው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አለ ብለሽም ጠረጴዛ ላይ አታሳልፊው፣ ቀን ላይ ቤት ይሞቃል። ስታሞቂው ኦቨን ወይ የተከደነ መጥበሻ ላይ በትንሽ እሳት ሩብ ሰዓት ያህል ይሁን፣ ማይክሮዌቭ ሊጡን ያላሽቀዋል። ለልጆቹ ምሳ ከሆነ ማታ ጋግረሽ አሳድሪውና ጠዋት ከፍሪጅ ስታወጪው ገና ብርድ እያለ ቁረጪው፣ ያን ጊዜ ጠርዙ ሳይፈርስ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ምሳ ሰዓታቸው ረፈድ የሚል ከሆነ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ከምሳ ዕቃው ጋር አብረሽ ቦርሳቸው ውስጥ አድርጊላቸው።